ዲዝኒላንድ ያለው የማተርሆርን ተራራ፦ ከባዱ ሥራ ተራራው ነው ወይስ ውስጡ ያለው ቱቦ?

የአናሃይም ጎረቤት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደቡብ ካሊፎርኒያ የምንኖር ሐበሾች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ መዳረሻችን አናሃይም ነው። ሁሉም ሰው ዲዝኒላንድ ገብቶ ቤተ መንግሥቱ ፊት ፎቶ ይነሳል። ከኋላ ብቅ ያለው በረዶ የለበሰ ተራራም አብሮ ይነሳል። ስለዚያ ተራራ አሠራር ግን በአማርኛ ሲወራ አላየሁም። እኔ ነገሩን የምወደው ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍ፣ እናንተ ጨምሩበት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፓርኩ በ1955 ሲከፈት ተራራ የሚባል ነገር አልነበረም። የቤተ መንግሥቱን የውሃ ቦይ ሲቆፍሩ የወጣው አፈር ተከምሮ ጉብታ ሆኖ ቀረ፣ ሆሊደይ ሂል ይሉት ነበር። በ1956 ደግሞ ስካይዌይ የተባለው በገመድ ላይ የሚሄድ ማመላለሻ መጣና ገመዱን የሚሸከም ረጅም የብረት ማማ እዚያው ጉብታ ላይ ተተከለ። ፓርኩ እምብርት ላይ ራቁቱን የቆመ ብረት። ዋልት ዲዝኒ እንዲህ ያለውን ነገር ማየት አይወድም። ጉብታውን የበረዶ ሸርተቴ መጫወቻ እናድርገው የሚል ሐሳብ ነበር፣ እውነተኛ በረዶ እስከማምጣት ድረስ ታስቦበታል። ለካሊፎርኒያ ፀሐይ ግን የሚሆን አልነበረም።

በ1958 ዋልት ለፊልም ቀረጻ ስዊዘርላንድ ዜርማት ሄደ። እዚያ የማተርሆርንን ተራራ ፖስትካርድ ገዝቶ፣ ፓርኩን ከሚነድፉት ሰዎች አንዱ ለነበረው ለቪክ ግሪን «ይህን ሥሩ» ብሎ ላከለት ተብሎ ይተረካል። ሰኔ 14 ቀን 1959 ተራራው ተከፈተ። ቁመቱ 147 ጫማ፣ ወደ 45 ሜትር ነው። የእውነተኛው ተራራ መቶኛ ማለት ነው። ውስጡ ሁለት የተጠላለፉ መስመሮች አሉ፣ ሰው በበረዶ ተሽከርካሪ ቅርጽ በተሠራች ጋሪ እየተንሸራተተ ይወርድባቸዋል።

አሁን ወደ ነጥቤ። ሁሉም ሰው የሚያደንቀው ተራራውን ነው። እኔ ግን የዚያ ሥራ ትልቁ ነገር ሃዲዱ ነው እላለሁ። በዓለም የመጀመሪያው በብረት ቱቦ ሃዲድ ላይ የሚሄድ ሮለር ኮስተር ተብሎ የሚቆጠረው ይኸው የማተርሆርን ነው። ዛሬ ከዱባይ እስከ ቶክዮ የምናየው የብረት ሮለር ኮስተር ሁሉ ከዚያ ቱቦ ነው የሚመዘዘው። የሠሩት ደግሞ ማውንቴን ቪው ከተማ የነበረ አሮው ዴቨሎፕመንት የሚባል ትንሽ የብረታ ብረት ቤት ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ማን ያውቃል? በብረት ሥራ ላይ ያላችሁ እስቲ ሐሳባችሁን ስጡኝ።

በያጅ ከመርካቶ

ወንድሜ ጥሩ ርዕስ አመጣህ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ብየዳ ላይ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የጣሪያ ብረት። ቱቦላሬም ክብ ቱቦም በእጄ አልፏል። እና ልንገርህ፣ ክብ ቱቦ ቀጥ ብሎ እያለ ማንም ይበይደዋል። ችግሩ ሲታጠፍ ነው።

የውሃ ጎማ በእጅህ ስታጥፈው መሃሉ ተጣብቆ ውሃው እንደሚቆመው፣ ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦም ስታጥፈው ይጨማደዳል። የውስጥ ጎኑ ይሸበሸባል፣ የውጭ ጎኑ ይሳሳል። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቱቦ ካልያዝክና በትንሽ በትንሹ እየገፋህ ካላጠፍክ ክብነቱን ያጣል። የደረጃ መደገፊያ ላይ ክብነቱ ትንሽ ቢበላሽ ማንም አያይም። ላዩ ላይ ጎማ የሚሄድበት ከሆነ ግን እያንዳንዷ ጉድለት ትሰማለች።

ከዚያ በላይ የሚከብደው ደግሞ ሁለቱን ቱቦ እኩል ማድረግ ነው። ጠመዝማዛ ላይ የውጪው ቱቦ ከውስጡ ይረዝማል፣ የታጠፈበትም ልክ ይለያል፣ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ከላይ እስከ ታች አንድ መሆን አለበት። በዚያ ላይ አንዱ ጎን ከፍ ይላል ሌላው ዝቅ ይላል። ይህን በ1959 ያለ ኮምፒውተር የሠራ ሰው እጁ ይባረክ። እኔ ድምፄን ለቱቦው ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ አለኝ። ከዚያ በፊት የነበረው ሃዲድ ምን ዓይነት ነበር?

መካኒካል ሲያትል

ለበያጁ ወንድማችን ልመልስ። ከዚያ በፊት የነበረው ሮለር ኮስተር በአብዛኛው እንጨት ነው። ድጋፉ እንጨት፣ ሃዲዱ ራሱም ተደራርቦ የተያያዘ ሳንቃ፣ ላዩ ላይ ብቻ ጠፍጣፋ የብረት ልባስ ይቸነከራል። ጎማው የሚሄደው በዚያ ብረት ላይ ነው። ጋሪው ከሃዲዱ ተነስቶ እንዳይወጣ ከሥር የሚይዝ ሌላ ጎማ አለ። ይህን ጆን ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ያወጣበት ገና በ1919 ነው። ስለዚህ ከሥር መያዝ አዲስ ነገር አልነበረም።

የእንጨቱ ችግር ምንድን ነው? ሳንቃ ወደ ጎንም ወደ ታችም በአንድ ጊዜ ማጠፍ ይከብዳል። ስለዚህ ጠመዝማዛው ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ሠራተኛ ሁልጊዜ እየዞረ ሲያጠብቅ ነው የሚኖረው። ጋሪውም ይንገጫገጫል።

አሁን የተራራውን ሁኔታ አስቡት። እታች ሰፋ ያለ እላይ የሾለ ነገር ውስጥ ሁለት መስመር ማስገባት አለብህ። ቦታ የለም። ጠመዝማዛው ጠባብ ካልሆነ ሃዲዱ ከተራራው ጎን ወጥቶ ይንጠለጠላል። ሂሳቡ ደግሞ ጨካኝ ነው፦ በአንድ ፍጥነት እየሄድክ የኩርባውን ራዲየስ በግማሽ ብትቀንስ ወደ ጎን የሚገፋህ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርግ ደግሞ አራት እጥፍ። ስለዚህ ሃዲዱን በትክክለኛው ልክ ማዘንበል አለብህ፣ ያ ልክ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ቱቦው የፈታው ይህን ነው። ክብ ስለሆነ ጎማ ከላይም ከጎንም ከሥርም ሊይዘው ይችላል። በፈለግከው አቅጣጫ ታጥፈዋለህ፣ እያጠፍክም ታዘነብለዋለህ። ያን ቱቦ ይዘው ከሠሩት ሁለቱን በስም መጥራት ይገባል፣ ካርል ቤከን እና ኤድ ሞርጋን። ከአሮው መሥራቾች ናቸው። ፓርኩ በ1955 ሲከፈትም ለአንዳንዶቹ መጫወቻዎች ጋሪ የሠሩት እነሱ ነበሩ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ስለ ቱቦ አላውቅም፣ ግን ክሩን እያነበብኩ ነው። ዘንድሮ ሎስ አንጀለስ እህቴ ጋ ልንሄድ አስበናል፣ ልጆቼም ይህንን ተራራ ካልወጣን ብለዋል። የ60 ዓመት ዕድሜ ያለፈው ማሽን ላይ ልጄን ማስቀመጥ ያስፈራኛል። አደጋ ደርሶበት ያውቃል? እባካችሁ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

መካኒካል ሲያትል

እህቴ፣ ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ። ሁለት ሰው ሞቶበታል። በ1964 አንድ የ15 ዓመት ልጅ ጋሪው እየሄደ ሳለ ተነስቶ ቆሞ ወደቀ። በ1984 ደግሞ አንዲት ሴት ከጋሪው ወጥታ ወደቀች፣ ቀበቶዋ ተፈትቶ ነው የተገኘው፣ እንዴት እንደተፈታ ግን ሳይታወቅ ቀረ። ሃዲዱ ተሰብሮ ወይም ጋሪ ከሃዲድ ወጥቶ አይደለም። ስለዚህ ዋናው ነገር ቀበቶ ነው፣ ልጆችሽን ቀበቶውን ሳብ አድርገሽ አይተሽላቸው፣ እስኪቆም ድረስ እንዳይነኩት ንገሪያቸው።

ጋሪዎቹም የ1959ኞቹ አይደሉም፣ የአሁኖቹ በ2012 የገቡ ናቸው።

በደኅንነት በኩል ስለዚህ ማሽን ብዙ ሰው የማያውቀውን ደግሞ ላንሳ። እንደኔ እንደኔ ይህ ከቱቦው አያንስም። ድሮ ሮለር ኮስተር ላይ ፍሬኑን የሚይዘው ሰው ነበር። አንድ ሠራተኛ ረጅም የብረት መዘውር ይዞ ይቆማል፣ ጋሪ ሲመጣ ይስባል። የማተርሆርን መስመር ግን በክፍል በክፍል ተከፋፈለ፣ ልክ የባቡር መስመር እንደሚከፋፈለው። በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ጋሪ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከፊት ያለው ክፍል ካልተለቀቀ የኋላው ጋሪ በራሱ ፍሬን ይያዛል። የሰው እጅ አይጠብቅም። በዚህ ምክንያት በአንድ መስመር ላይ ብዙ ጋሪ አከታትሎ መልቀቅ ተቻለ። ሰልፉ የሚጓዘው በዚያ ነው። ዛሬ የትም አገር ያለ ትልቅ ሮለር ኮስተር በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠራው።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መደበቁ ነበር የሚያስፈራኝ።

ከበርን

ስዊዘርላንድ ነው የምኖረው፣ ስለ ማተርሆርን ሲወራ ዝም ማለት አልቻልኩም። እውነተኛውን ተራራ ዜርማት ሄጄ አይቼዋለሁ። ቁመቱ 4,478 ሜትር ነው። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ ነው የቆመው፣ ጣሊያኖች ቼርቪኖ ይሉታል። ዜርማት በነዳጅ የሚሄድ መኪና አይገባባትም፣ በባቡር ነው የምትገባው፣ ከባቡሩ ስትወርድ ያ ጫፉ ጎበጥ ያለ ድንጋይ ከፊትህ ይቆማል። በ1865 ኤድዋርድ ዊምፐር ከነጓደኞቹ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ሲወጣ ሰባት ነበሩ፣ ሲወርዱ አራቱ ገደል ገብተው ሞቱ። እንደዚህ ያለ ተራራ ነው።

የቱቦ ወገኖች ይቅር በሉኝና እኔ ከእናንተ ጋር አይደለሁም። ጥሩ ሃዲድ በላሜራ ጎተራ ውስጥ ብታስቀምጠው ማን ይሳፈርበታል? ሰው የሚሰለፈው ለተራራው ነው። የተራራውስ ሥራ ቀላል መሰላችሁ? አንድ ሕንፃ ስትሠራ ምሶሶህ ቀጥ ይላል፣ ወጋግራህ እኩል ነው፣ አንድ ዓይነት ብረት ደጋግመህ ትቆርጣለህ። ተራራ ግን አንድ ቀጥ ያለ ጎን የለውም። ከ2,000 በላይ የብረት ቁራጭ ገብቶበታል፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ርዝመት የለውም ነው የሚባለው። በዚያ ላይ እንጨት፣ በእንጨቱ ላይ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ልስን፣ ከዚያ ቀለም። መጀመሪያ ሞዴሉን በትንሹ የሠራችው ሃሪየት በርንስ የምትባል ሴት ናት። የወንድ ሥራ በሚባል ወርክሾፕ ውስጥ መጋዝና ምሳር ይዛ ስትሠራ የነበረች ናት፣ ስሟ እዚህ መነሳት አለበት።

ደግሞ ዛፎቹን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከታች ያሉት ትልልቅ ናቸው፣ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር እያነሱ ይሄዳሉ። ለዓይን ርቀት ለመፍጠር ነው። 45 ሜትር ብቻ የሆነው ነገር ሩቅና ግዙፍ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው። እኔ እውነተኛውን አውቀዋለሁ፣ ሆኖም የአናሃይሙን ፎቶ ሳይ ቅርጹን ወዲያው ነው የለየሁት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የአናሃይም ጎረቤት

ከበርን፣ ስለ ዛፎቹና ስለ ሃሪየት በርንስ ያልሽው ልክ ነው፣ እኔም ተራራውን አልናቅኩትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተራራው ከተከፈተ ጀምሮ እስከ 1978 ድረስ ውስጡ ባዶ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ስካይዌይ በመሃሉ ሰንጥቆ ነበር የሚያልፈው። ሰው በገመድ ጋሪው ተቀምጦ ተራራው ውስጥ ሲገባ ብረቱንና ድጋፉን ሁሉ ያይ ነበር። ወደ 20 ዓመት ያህል ማለት ነው። በ1978 ነው አንዳንድ ቀዳዳዎቹን ዘግተው ውስጡን የበረዶ ዋሻ ያስመሰሉት፣ ዬቲ የሚባለውን የበረዶ አውሬም ያስገቡት። ሰው ግን ያለ ዋሻውም ያለ አውሬውም ሲሰለፍ ኖሯል። ምን ፈልጎ ነበር የሚሰለፈው? መንሸራተቱን ነው። መንሸራተቱ የቱቦው ነው።

ከበርን

ባዶ ቢሆንም ከውጭ ተራራ ነበር። ሰው ከሩቅ አይቶ ነው የሚመጣው። ሃዲድ ከሩቅ አይጠራም።

ጋሽ ግንበኛ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ በሕንፃ ሥራ ላይ ፎርማን ሆኜ ነው ያረጀሁት፣ መጀመሪያ አገር ቤት፣ ኋላ ደግሞ ዳላስ። የሁለታችሁም ክርክር አንድ ነገር ረስቷል። ከባዱ ቱቦውም ተራራውም አይደለም። ከባዱ ሁለቱን በአንድ ላይ መሥራት ነው።

ንገሩኝ፣ የትኛው ይቀድማል? ተራራውን መጀመሪያ ብትጨርስ የሃዲድ ቁራጭ በየት በኩል ታስገባለህ? ክሬን ከላይ እንዳይሰቅል ጫፉ ተዘግቷል። ሃዲዱን መጀመሪያ ብትጨርስ ደግሞ ምን ላይ ያርፋል? ድጋፉ ከተራራው ብረት ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ላይ ሁለት መስመር እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ በመሃሉ የስካይዌይ ገመድ ያልፋል፣ ከሥሩ ጋሪ የሚወጣበት ሰንሰለት አለ። አንድ ሰው ስዕል ላይ ሁለት ጣት ቢሳሳት ጋሪው ላይ የተቀመጠ ሰው ራስ ብረት ይመታል። ይህ የሥራ ቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ማንም ፎቶ አያነሳውም፣ ማንም አያመሰግነውም። ሥራው የሚወድቀውም የሚቆመውም ግን እዚያ ላይ ነው።

ጊዜውንም እዩ። ሐሳቡ የ1958 ነው፣ የተከፈተው በ1959 ሰኔ። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። በዚያው ቀን አብረው የተከፈቱ አሉ፣ ባለ አንድ ሃዲዱ ባቡርና የባሕር ሰርጓጅ መርከቦቹ። ሦስት ከባድ ሥራ በአንድ ግቢ፣ ግቢው ደግሞ ሰው እየገባበት። የፓርኩን ግንባታ ይመራ የነበረው ጆ ፋውለር ነው፣ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል አድሚራል። መርከብ ሲያሠራ የኖረ ሰው ነው። ጠባብ ቦታ ውስጥ ብረት፣ ቧንቧ፣ ሽቦ፣ ሰው በየተራው ማስገባትን መርከብ ላይ ነው የተማረው እላለሁ። ያን ሰው ባላገኘው ሰላም ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

በያጅ ከመርካቶ

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው። እኛም ሳይት ላይ የሚያጣላን ይኸው ነው። ለሳኙ ይቀድማል፣ ከዚያ በያጁ መጥቶ ልስኑን ያቃጥላል። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ ሁለታችንንም ይሰብራል። ማን መቼ እንደሚገባ የሚወስን ሰው ሲጠፋ ሥራው ሁለቴ ይሠራል፣ ሁለቴ የተሠራውን የሚከፍል ደግሞ የለም። እኔ በአንድ ሕንፃ ላይ የሠራሁትን የደረጃ ብረት ልስን ካለቀ በኋላ አስፈርሰውኛል፣ ገንዘቡም ቀረ።

የአቡዳቢ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። እኔ ከአቡዳቢ ነኝ። እዚህ ፌራሪ ዎርልድ በሚባለው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ፎርሙላ ሮሳ የሚባል ሮለር ኮስተር አለ፣ በ2010 የተከፈተ። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የፊት ወንበር ላይ ከተቀመጥክ መነጽር ያስደርጉሃል፣ አሸዋና ነፍሳት ዓይንህን እንዳይጎዳ። ይህን ክር ሳነብ ትዝ ያለኝ ነገር፣ እሱም ሃዲዱ ክብ የብረት ቱቦ ነው። የማተርሆርን ፍጥነት ስንት ነው?

የአናሃይም ጎረቤት

የማተርሆርን በሰዓት ወደ 43 ኪሎ ሜትር ነው። አይሳቅበት። ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ድንጋይ የሚመስል ነገር በጆሮህ አጠገብ እያለፈ፣ ከዋሻ ወደ ብርሃን ከብርሃን ወደ ዋሻ ስትወረወር 43 ኪሎ ሜትር ብዙ ነው። ሲያልቅም ጋሪው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው የሚበርደው። ያ ውሃ ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል።

ስለ ቱቦው ዘር ግን ጥሩ ነገር አነሳህ። አሮው ከማተርሆርን በኋላ ዝም አላለም። በ1966 ቴክሳስ ሲክስ ፍላግስ ፓርክ ላይ በማዕድን ማውጫ ባቡር መልክ ሌላ የቱቦ ሮለር ኮስተር ሠራ። በ1975 ደግሞ እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ናትስ ቤሪ ፋርም በሚባለው መዝናኛ ፓርክ፣ ሰውን ተዘቅዝቆ የሚያዞር ኮርክስክሩ የሚባለውን ተከለ። ሰውን ገልብጦ የሚያዞር ነገር ከዚያ በፊትም፣ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተሞክሮ ነበር፣ ግን ክብ ቀለበቱ አንገት ይጎዳ ስለነበር ተተወ። በቱቦ ነው በደኅና መመለስ የቻለው። እንግዲህ ከማተርሆርን እስከ ኮርክስክሩ 16 ዓመት ነው። አንድ ትንሽ ብረታ ብረት ቤት ተራራ ውስጥ የተማረውን ይዞ የዓለምን መጫወቻ ለወጠ።

ማውንቴን ቪው ስትሉ ዛሬ ሁሉም ጉግልን ነው የሚያስበው። ቱቦ የታጠፈባት ከተማም ናት።

ከቦሌ

ከአዲስ አበባ። እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር መሥራት አይቻልም ወይ? ብረት የሚያጥፍ አለን፣ በያጅ አለን፣ ተራራውማ ሞልቶናል።

በያጅ ከመርካቶ

ማጠፉን እንችለዋለን ወንድሜ፣ እኔ ራሴ እገባበታለሁ። የሚቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ብየዳው ውስጡ ስንጥቅ እንዳለው የሚመረምር መሣሪያና ባለሙያ ያስፈልጋል። በየማለዳው ሰው ከመሳፈሩ በፊት ሃዲዱን ተራምዶ የሚያይ ሠራተኛ መቀጠር አለበት፣ እሱም «ዛሬ አይከፈትም» ሲል የሚሰማው አለቃ ያስፈልገዋል። ለልጆች ዥዋዥዌ ስሠራ እንኳ እያንዳንዷን ብየዳ በመዶሻ እየመታሁ ነው የማስረክበው። ሰው የሚሳፈርበትን ነገር ሠርቶ መሄድ ብቻ አይሆንም።

መካኒካል ሲያትል

በያጁ ያለው በትክክል ነው። ብረት ከብዙ ጭነት በኋላ ይደክማል። አንድ ጊዜ በከፍተኛ ክብደት ስላልተሰበረ ብቻ አይሰበርም ማለት አይደለም። ትንሽ ጭነት በሺህና በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገምበት ከብየዳው ጫፍ ስንጥቅ ይጀምራል። ማሽን ተዘግቶ የሚፈተሽበት ጊዜ ከዕቅዱ ውስጥ አስቀድሞ መግባት አለበት። ዲዝኒላንድም ይህን ተራራ እየዘጋ ነው የሚያድሰው። ሄዳችሁ ተዘግቶ ብታገኙት አትዘኑ፣ ሥራቸውን እየሠሩ ነው።

ከበርን

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከተራራው ወገን ነው። በ1961 ከዚያ ተራራ ጫፍ በሽቦ ተንጠልጥላ ወደ ቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ በምሽት ሰማይ ላይ የምትበር ቲንከር ቤል፣ ማለት የፒተር ፓን ተረቷን ባለ ክንፍ ትንሽ ፍጡር፣ ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ተጫዋች ታይኒ ክላይን ትባላለች፣ ድሮ ሰርከስ ትሠራ የነበረች፣ በዚያን ጊዜ 70 ዓመቷ። በ70 ዓመት! ተራራ ወጪዎችም ለተመልካች ብለው ከውጭ በገመድ ይወጡበት ነበር። ተራራው ውስጥ፣ ከላይኛው ክፍል፣ ለሠራተኞች የቅርጫት ኳስ መረብ አለ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ተራራው ነው፣ ቱቦው አይደለም።

ጋሽ ግንበኛ

የቅርጫት ኳሱን ሰምቼ ነበር፣ እውነት ነው። ከላይ ባዶ ቦታ ተረፈ ማለት ነው። ሃዲዱ እስከ ጫፍ አይወጣም፣ ጫፉ ለዓይን ነው። እንግዲህ ከበርንም አንድ ነጥብ አገኘሽ ልጄ።

የአናሃይም ጎረቤት

ጋሼ ከፈረዱ እኔም ለዛሬ እቀበላለሁ። ግን የመጨረሻ ማስረጃዬን ላቅርብ። ዲዝኒላንድ ያኔ መጫወቻዎቹን በትኬት ፊደል ይከፋፍል ነበር፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። በ1959 እነዚህ ሦስቱ አዲስ ሥራዎች ሲመጡ ከዲ በላይ ሌላ ፊደል ጨመሩ፣ ኢ ትኬት። ዛሬም ድረስ ፈረንጆች ምርጥ የሆነ መጫወቻን ኢ ትኬት ይሉታል፣ ትኬቱ ከቀረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ። ከሦስቱ መካከል በሥራው ዓለም ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የትኛው ነው ብትሉኝ ቱቦው ነው እላለሁ። ባለ አንድ ሃዲዱ ባቡር ከተሞችን ይቀይራል ተብሎ ነበር፣ የትኛውን ከተማ ቀየረ? ሰርጓጅ መርከቦቹም እዚያው ኩሬያቸው ውስጥ ቀሩ። ቱቦው ግን ዓለምን ዞረ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጆቼን ለመውሰድ ወስኛለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ንገሩኝ። ትንሹ ልጄ ይፈቀድለታል? ሁለት መስመር ካለ ደግሞ የትኛው ይሻላል?

የአናሃይም ጎረቤት

እህቴ፣ ቁመቱ 42 ኢንች፣ ማለት ወደ 107 ሴንቲ ሜትር፣ መሆን አለበት። ቤት ሳለሽ ለኪው፣ ከተሰለፈ በኋላ ሲመለስ ያለቅሳል። ወንበሩ አንድ በአንድ ተደርድሮ ስለሆነ ልጁን ጭንሽ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ከፊትሽ አስቀምጪውና አንቺ ከኋላው ሁኚ። መስመሩ አንዱ ፋንታሲላንድ በሚባለው የፓርኩ ክፍል በኩል ነው፣ ሌላው ቱሞሮውላንድ በሚባለው በኩል። የቱሞሮውላንዱ ትንሽ ረዘም ይላል። ለትንሹ ልጅ በፋንታሲላንድ በኩል ጀምሩ። ወገብ የሚያምሽ ከሆነ ግን አንቺ ቅሪ፣ ኩርባው ይንጣል፣ ልጁን ታላቅ ወንድሙ ወይም እህትሽ ትያዘው።

በያጅ ከመርካቶ

እህቴ፣ ከሄድሽ ለእኔ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሰልፍ ላይ ሆነሽ ሃዲዱ በሚታይበት ቦታ ሁለቱ ቱቦዎች የሚገጣጠሙበትን ቦታ ፎቶ አንሺልኝ። ብየዳውን ማየት እፈልጋለሁ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

አነሳልሃለሁ ወንድሜ፣ እዚሁ ክር ላይ እለጥፈዋለሁ።